በአደጋ ሥፍራ ቀድሞ የደረሰ ሰው ግዴታ፤ በሕግና በሕሊና ፊት

በዚህ ዕትም ለጥናት የምናቀርብላችሁ ርእስ ሲታይ የሐኪሞችና የዳኞች ጉዳይ እንጂ የምእመናን ጉዳይ ላይመስል ይችላል። ነገር ግን በሀገራችን መኪና ሲገለበጥ፣ ልጅ ጉድጓድ ሲገባ፣ ምጥ የያዛት እናት በመንገድ ላይ ስትወድቅ ከሁሉ ቀድሞ የሚደርሰው አምቡላንስ አይደለም፤ ጎረቤት ነው፣ እረኛ ነው፣ ከገበያ የሚመለስ መንገደኛ ነው። በገጠር ጸሎት ቤት የሚያገለግል ካቴኪስትም «ፊደል የቆጠረ ሰው ነው» ተብሎ ስለሚታመን ብዙ ጊዜ ከጤና ሠራተኛው በፊት ይጠራል። እንዲህ ያለው ሰው በዚያች ሰዓት ምን እንዲያደርግ ይገደዳል? ምንስ እንዳያደርግ ይከለከላል? ቢሳሳት ማን ይጠይቀዋል? አይቶ እንዳላየ ቢያልፍስ? እነዚህን ጥያቄዎች በሀገራችን ሕግና በሥነ ምግባር መሠረት እንመረምራለን። የሕግ አንቀጾችን የምንጠቅሰው ለትምህርት ያህል ስለሆነ፣ በእርግጥ ክስ የቀረበበት ሰው ወደ ሕግ ባለሙያ መሄድ ይኖርበታል።

ሳምራዊው ምን ሠራ?

በወንጌላዊው ሉቃስ ዐሥረኛ ምዕራፍ የሚገኘውን የደጉን ሳምራዊ ምሳሌ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። ስለ ርኅራኄው ብዙ ተሰብኳል፤ ስለ አሠራሩ ግን የተነገረው ጥቂት ነው። እስቲ የሠራውን በተራ እንመልከት። በመጀመሪያ ወደ ቁስለኛው ቀረበ። ከዚያም በቁስሉ ላይ ዘይትና ወይን አፍስሶ አሰረለት፤ ይህም በዘመኑ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ሕክምና ነበር እንጂ እርሱ ያን ጊዜ የፈለሰፈው አልነበረም። በራሱ እንስሳ ላይ አስቀምጦ እንግዳ ወደሚያድርበት ቤት ወሰደው፤ እዚያም ተንከባከበው። በማግሥቱ ለቤቱ ጌታ ሁለት ዲናር ከፍሎ፣ ቁስለኛውን በአደራ አስረክቦ፣ ወጪው ቢበልጥ በመመለሻው እንደሚከፍል ቃል ገብቶ መንገዱን ቀጠለ።

ዛሬ የመጀመሪያ ርዳታ አስተማሪዎች ለሠልጣኞቻቸው የሚነግሩት ከሞላ ጎደል ይኸው ነው፤ ቅረብ፣ የምታውቀውን ብቻ አድርግ፣ የተሻለ ርዳታ ወዳለበት አድርስ፣ በሥርዐት አስረክብ። ሳምራዊው ቁስለኛው እስኪድን ድረስ ሥራውን ትቶ አልተቀመጠም፤ ነገር ግን አደራ የሚቀበል ሰው ሳያገኝም ጥሎት አልሄደም። በኋላ የምንመለስበት ነጥብ ስለሆነ አንባቢ ይህን ልዩነት ልብ እንዲለው እንፈልጋለን።

በምሳሌው ውስጥ ያሉት ካህንና ሌዋዊ ማንንም አልደበደቡም፤ ምንም አልሰረቁም። ያደረጉት ነገር ቢኖር ማለፍ ብቻ ነው። ታዲያ አለማድረግ ወንጀል ይሆናልን? የዓለም ሕጎች ለዚህ ጥያቄ አንድ ዓይነት መልስ አልሰጡም። በእንግሊዝና በአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች የቆየው ሕግ እንደሚለው፣ ከተጎጂው ጋር የወላጅነት፣ የሥራ ወይም የውል ግንኙነት የሌለው መንገደኛ የመርዳት ግዴታ የለበትም። የእነዚህ ግዛቶች ሕግ ይልቁንም ያተኮረው ረጂውን ከክስ በመጠበቅ ላይ ነው፤ «የደጉ ሳምራዊ ሕግ» የሚባለውን የመጀመሪያውን ድንጋጌ እ.ኤ.አ. በ1959 ያወጣችው ካሊፎርኒያ ስትሆን፣ በኋላ ሌሎቹም ግዛቶች ተከትለዋታል። ቬርሞንት ግን እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣችው ሕግ በአደጋ ላይ ያለን ሰው የሚችል ሁሉ እንዲረዳ ግዴታ ጣለች። በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን የሚኖሩበትን ግዛት ሕግ ለይተው ቢያውቁ መልካም ነው።

ፈረንሳይና ጀርመን በሌላ መንገድ ሄደዋል፤ በእነርሱ ዘንድ ሳይረዱ ማለፍ ራሱ ወንጀል ነው። በጀርመን ኤሰን ከተማ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2016 የሆነውን እዚህ ላይ እናንሣ። ዕድሜው ከሰማንያ ዓመት በላይ የሆነ አንድ ሽማግሌ ገንዘብ ሊያወጣ በገባበት የባንክ መተላለፊያ ወለል ላይ ይወድቃል። ገንዘብ ሊያወጡ የመጡ አራት ሰዎች ተራ በተራ በአጠገቡ አለፉ፤ ጉዳያቸውን ጨርሰውም ሄዱ። ርዳታ የጠራው ከእነርሱ በኋላ የመጣው ነው። ሽማግሌው ከጥቂት ቀናት በኋላ ሞተ። የግድግዳው ካሜራ ሁሉን ቀርጾ ነበርና፣ በቀጣዩ ዓመት መስከረም ወር ፍርድ ቤቱ ከአላፊዎቹ ሦስቱን በገንዘብ ቀጣ። «ቤት የሌለው ሰው ተኝቶ መስሎን ነበር» ማለታቸው አላዳናቸውም። ርዳታው ቀደም ብሎ ቢደርስ ኖሮ እንኳ ሽማግሌው ይተርፍ እንዳልነበር የሕክምና ባለሙያዎች ገልጸዋል፤ ሆኖም የተቀጡት ስለ ሞተ ሳይሆን ስላለፉት ነው። ከዚህ ታሪክ ይልቅ ለምሳሌው የቀረበ የዘመናችን ታሪክ ለማግኘት ያስቸግራል።

የእኛ ሀገር ሕግ

ኢትዮጵያ የተከተለችው ሁለተኛውን መንገድ ነው። በስዊሳዊው የሕግ ሊቅ በዣን ግራቨን ተረቅቆ በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ይህን ግዴታ በአንቀጽ 547 አስፍሮት ነበር። እርሱን የተካውና ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 575 ደግሞታል። የድንጋጌው ይዘት በአጭሩ እንዲህ ነው፤ በሕይወቱ፣ በአካሉ ወይም በጤናው ላይ ከባድና ቅርብ አደጋ የተደቀነበትን ሰው፣ በራሱም ሆነ በሌላ ሰው ላይ አደጋ ሳያስከትል በቀጥታም ይሁን በተዘዋዋሪ ሊረዳው ሲችል ሆነ ብሎ ያለ ርዳታ የተወ ሰው፣ እስከ ስድስት ወር በሚደርስ ቀላል እስራት ወይም በመቀጮ ይቀጣል።

እያንዳንዱ ቃል ክብደት አለው። «ከባድና ቅርብ አደጋ» ሲል ራስ ምታት የያዘውን ሁሉ ማለቱ አይደለም። «ሆነ ብሎ» ሲል ያላየውን ወይም ያልገባውን ሰው አይወቅስም። «በቀጥታም ይሁን በተዘዋዋሪ» የሚለው ደግሞ ለብዙዎቻችን የሚያጽናና ነው፤ ደም ማየት የማይችል ሰው፣ አቅም ያነሣት አሮጊት፣ የአሥር ዓመት ልጅም ቢሆን ጮኾ ሰው መጥራት፣ ስልክ መደወል፣ የሚመጣውን መኪና ማስቆም ይችላል። በአዲስ አበባ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርን አምቡላንስ በ907 መጥራት ይቻላል። በየቁምስናው ያሉ ካቴኪስቶች የአካባቢያቸውን ጤና ጣቢያ፣ የወረዳውን አምቡላንስና የፖሊስ ጣቢያውን ስልክ በጸሎት ቤቱ በር ላይ ጽፈው ቢለጥፉ የሕጉን ግማሽ ፈጸሙ ማለት ይቻላል።

ይኸው አንቀጽ ቅጣቱን የሚያከብድባቸው ሁለት ዓይነት ሰዎች አሉ። የመጀመሪያው ራሱ ጉዳቱን ያደረሰው ወይም ሰውየውን ለአደጋ ያጋለጠው ነው፤ ገጭቶ ያመለጠ ሾፌር ለዚህ ዋና ምሳሌ ነው። ሁለተኛው በሙያው ወይም በውል የመርዳት ግዴታ ያለበት ነው። ከዚህም ሌላ ሐኪም፣ ነርስ፣ አዋላጅ ወይም ሌላ የሕክምና ባለሙያ በከባድ ችግር ላይ ላለ ሰው በቂ ምክንያት ሳይኖረው፣ በግዴለሽነት ወይም በገንዘብ ፍቅር ወይም በጥላቻ ተነሣሥቶ ሙያዊ አገልግሎቱን ቢነፍግ በአንቀጽ 537 ይጠየቃል። እንግዲህ «ተረኛ አይደለሁም» የሚለው ቃል በሞት አፋፍ ላይ ባለ ሰው ፊት ሁልጊዜ በቂ ምክንያት አይሆንም።

«በእኔ ይሳበባል» የሚለው ፍርሃት

ይህን ትምህርት ለማዘጋጀት ያነሣሣን በየመንገዱ የምንሰማው አንድ አነጋገር ነው፤ «ባነሣው እኔ የገጨሁት እባላለሁ፤ ሆስፒታል ብወስደው ክፈል እባላለሁ፤ ቢሞት ደግሞ በፍርድ ቤት እመላለሳለሁ።» ይህን የሚሉት ክፉ ሰዎች አይደሉም። ብዙዎቹ በቅዳሴ የምናገኛቸው፣ ለነዳያን የሚመጸውቱ፣ ሐዘንተኛ የሚያጽናኑ ሰዎች ናቸው። ፍርሃታቸውም ከባዶ የመነጨ ነው ብለን አንንቀውም። ቁስለኛ ያደረሰ ሰው ፖሊስ ሊጠይቀው፣ ቃሉን ሊቀበለው፣ ለምስክርነትም ሊጠራው ይችላል፤ ይህ ድካም አለው፣ የሥራ ቀን ያባክናል። ነገር ግን ምስክር መሆን ተከሳሽ መሆን አይደለም፤ የሁለቱን ልዩነት ለምእመናን ማስረዳት ከካቴኪስቶች ሥራ አንዱ ሊሆን ይገባል።

በቅን ልቦና የረዳ ሰውን የሚጠብቁ ሁለት መሠረተ ሐሳቦች በወንጀል ሕጋችን ውስጥ አሉ። አንደኛው ቸልተኝነትን የሚተረጉመው አንቀጽ 59 ነው። ሕጉ አንድን ሰው በቸልተኝነት ጥፋተኛ ከማለቱ በፊት ዕድሜውን፣ የሕይወት ልምዱን፣ የትምህርት ደረጃውንና ሥራውን እንዲመዝን ያዛል። ስለዚህ ገበሬው እንደ ሐኪም፣ ተማሪውም እንደ ነርስ አይመዘንም፤ እያንዳንዱ ሊጠበቅበት በሚገባው ልክ ይጠየቃል። ሁለተኛው በአንቀጽ 75 የተመለከተው የአስገዳጅ ሁኔታ ድንጋጌ ነው። ራስን ወይም ሌላን ሰው በሌላ መንገድ ሊወገድ ከማይችል ቅርብና ከባድ አደጋ ለማዳን ተመጣጣኝ በሆነ መንገድ የተፈጸመ ድርጊት አያስቀጣም። በእሳት የተያያዘ ቤት ውስጥ ያለን ልጅ ለማውጣት የጎረቤቱን በር የሰበረ ሰው፣ ቁስለኛ ለማሰር የተጎጂውን ልብስ የቀደደ ሰው፣ ለዚህ ሥራው ወንጀለኛ አይባልም።

የክፍያውንም ነገር እንመልከት። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799፣ በተሽከርካሪ አደጋ የተጎዳ ማንኛውም ሰው፣ አዋጁ ሲወጣ እስከ 2,000 ብር ይደርስ የነበረ አስቸኳይ ሕክምና እንዲያገኝ፣ የሕክምና ተቋማትም ይህን እንዲሰጡ ደንግጓል። ገንዘቡ ከዛሬው ኑሮ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ቢመስልም መሠረተ ሐሳቡ ትልቅ ነው፤ ቁስለኛውን በር ላይ አቁሞ «መጀመሪያ ይከፈል» ማለት፣ ያመጣውንም መንገደኛ መያዣ ማድረግ ሕጋዊ ሥርዐት አይደለም ማለት ነው። እንዲህ ያለ ነገር የሚገጥመው ሰው በትሕትና፣ ነገር ግን በጽናት የተቋሙን ኃላፊ ይጠይቅ።

ከጥንቃቄ አንጻር የምንመክረው ይህ ነው። ቁስለኛን ከማንሣታችሁ በፊት ቢቻል ሌላ ሰው በአጠገባችሁ ይኑር፤ የምታደርጉትን ጮክ ብላችሁ ተናገሩ። የደረሳችሁበትን ሰዓት፣ ካያችሁ የመኪናውን ሰሌዳ ቁጥር ያዙ። ስትጠየቁ ያያችሁትን ብቻ ተናገሩ፤ «ሳይጠጣ አይቀርም»፣ «በፍጥነት ሲበር ነበር መሰለኝ» እያሉ በግምት መመስከር ንጹሑን ሊያስከስስ ይችላል።

ሾፌሮችን በተመለከተ አንድ ቃል እንጨምር። ሰው የገጨ ሾፌር ከቦታው የሚሸሸው አንዳንድ ጊዜ የተቆጣ ሕዝብ እንዳይጎዳው ፈርቶ ነው። ሕጉ ራስን ለአደጋ ማጋለጥን አያስገድድምና ይህ ፍርሃት እውነተኛ በሆነበት ጊዜ ሾፌሩ በተዘዋዋሪ የመርዳት ግዴታው ይቀራል፤ ይኸውም ሳይዘገይ ለቅርብ ፖሊስ ማስታወቅና አምቡላንስ መጥራት ነው። እኛም በበኩላችን ሾፌሩን ለመደብደብ የሚሰበሰበው ሕዝብ መካከል ከተገኘን፣ ያ ጩኸት ቁስለኛውን ያለ ርዳታ እንደሚያስቀር ልንናገር ይገባናል።

በማያውቁት መግባት

ከማለፍ ቀጥሎ ያለው ጥፋት ባልተማሩት ነገር እጅን ማስገባት ነው። በጎ ፈቃድ ብቻውን ሕክምና አይሆንም። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ሲወድቅ ክብሪት ጭሮ ማሽተት፣ ጥርሱን በማንኪያ ፈልቅቆ መክፈት፣ እጅና እግሩን መጫን በየሰፈሩ የምናየው ነው። ክብሪቱ አይጠቅመውም፤ ማንኪያውም ጥርሱን ይሰብራል። የሚረዳው በዙሪያው ያለውን ድንጋይና እሳት ማራቅ፣ ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር ማድረግ፣ መንቀጥቀጡ ሲያቆም በጎኑ ማስተኛት ነው። መንቀጥቀጡ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ሕክምና መወሰድ አለበት።

ራሱን ለሳተ ሰው ውኃ ማጠጣትም እንዲሁ ነው። ከርኅራኄ የመጣ ነው፤ ነገር ግን መዋጥ ስለማይችል ውኃው ወደ ሳንባው ገብቶ ሊገድለው ይችላል። ነጭ ጋዝ ወይም በረኪና የጠጣ ልጅ እንዲያስመልስ ማስገደድ አይገባም፤ ሲወርድ ያቃጠለው ሲወጣም ያቃጥላል፣ ጋዙም ወደ ሳንባ ይገባል። በእሳት ወይም በፈላ ውኃ የተቃጠለ ገላ ላይ ቅቤ፣ ሊጥ፣ የጥርስ ሳሙና ከመቀባት ይልቅ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ለሃያ ደቂቃ ያህል ማፍሰስ ይሻላል። እባብ የነደፈውን ሥፍራ መብጣት፣ በአፍ መምጠጥና በገመድ ማሰር ጉዳቱን ያብሳል፤ የተነደፈውን እጅ ወይም እግር ሳያንቀሳቅሱ በቃሬዛ ማድረስ ነው የሚበጀው። የሚደማውን ቁስል ግን በንጹሕ ጨርቅ ጠበቅ አድርጎ መጫን ማንም ሊያደርገው የሚችል፣ ብዙ ሕይወትም የሚያድን ሥራ ነው።

ከመኪና ወይም ከዛፍ የወደቀ ሰው አንገቱ ወይም አከርካሪው ተሰብሮ ሊሆን ስለሚችል፣ እሳት ወይም ጎርፍ ካላስገደደ በቀር እየጎተቱ ማንሣት አይገባም። አራት ሰው እጅና እግሩን ይዞ ወደ ጭነት መኪና ሲወረውረው፣ ሕይወቱን ያተረፉት ሰው ዕድሜ ልኩን ሽባ ሆኖ ሊቀር ይችላል። በሕሊና ፊት ሲታይ ሳያውቁ ያደረጉት ይቅር ይባላል፤ መማር እየቻሉ ሳይማሩ መቅረት ግን ራሱ ጥያቄ ያስነሣል። በተለይ በየጊዜው ሕፃናትንና ወጣቶችን ሰብስቦ የሚያስተምር፣ ንግደት የሚመራ ሰው የመጀመሪያ ርዳታ ሥልጠና መውሰድ ቢፈልግ ያስመሰግነዋል እንጂ ትርፍ ነገር አይባልበትም። ከሐምሌ 1927 ዓ.ም. ጀምሮ የቆየው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በቅርንጫፎቹ ይህን ሥልጠና ይሰጣል።

ራስን መጠበቅ

ሕጉ «በራሱ ላይ አደጋ ሳያስከትል» ያለው በከንቱ አይደለም። በሀገራችን የውኃ ወይም የመጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ በአየር እጦት የወደቀን ሰው ለማውጣት ወንድሙ ይገባል፤ እርሱም ይቀራል፤ ሁለቱን ለማውጣት ሦስተኛው ይገባል። የኤሌክትሪክ ሽቦ የያዘውን ሰው ኃይሉ ሳይጠፋ በእጅ የሚነካውም እንዲሁ ነው። ሁለተኛ ተጎጂ የሆነ ረጂ ለመጀመሪያው አይጠቅምም፤ የሚመጣውንም ርዳታ ለሁለት ይከፍላል።

ይህን ስንጽፍ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ የሆነውን ማሰብ ግድ ይለናል። በከባድ ዝናብ የተናደ መሬት ቤቶችን ከነነዋሪዎቻቸው ቀበረ። ጎረቤቶች፣ የቀበሌ ሰዎችና ፖሊሶች በእጃቸውና በአካፋ አፈሩን እየዛቁ ሰው ለማውጣት በተሰበሰቡበት ተራራው ዳግመኛ ተንዶ እነርሱንም ቀበረ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ለርዳታ የመጡት ነበሩ። እነዚህን ሰዎች «ጥንቃቄ ጎደላቸው» ብሎ ከሩቅ መፍረድ አይገባም። ከአፈር ሥር የወገኑን ድምፅ የሚሰማ ሰው የሕግ አንቀጽ አይቆጥርም። ሆኖም ለሚቀጥለው ጊዜ ትምህርቱን መውሰድ ለእነርሱ መታሰቢያ የሚሆን ይመስለናል፤ ናዳ በወረደበት ተዳፋት ላይ ዝናቡ ካላቆመ ሁለተኛ ናዳ ሊከተል ይችላልና፣ ከሚቆፍሩት መካከል አንድ ሰው ተለይቶ ወደ ላይ ተራራውን ብቻ እንዲጠብቅ ማድረግ፣ የሚቆፍሩትንም በቁጥር መወሰን ያስፈልጋል።

ሕግ የማያዘውን ፍቅር ያደርገው ዘንድ ግን ይቻላል። የሕሙማን ጠባቂ ቅዱስ የሆነው ካሚሎስ ዘለሊስ (እ.ኤ.አ. 1550–1614) ያቋቋማቸው ገዳማውያን ከሦስቱ የታወቁ መሐላዎች ሌላ፣ ለሕይወታቸው የሚያሰጋ ቢሆን እንኳ ሕሙማንን ለማገልገል አራተኛ መሐላ ይፈጽማሉ። በወረርሽኝ ዘመን ሕሙማንን ሲያስታምሙ የሞቱት ብዙዎች ናቸው። በልብሳቸው ላይ ቀይ መስቀል እንዲያደርጉ እ.ኤ.አ. በ1586 ተፈቅዶላቸው ነበር፤ ዛሬ በአምቡላንስ ላይ የምናየው ምልክት ከዚህ የተለየና በ1864ቱ የጄኔቫ ስምምነት የመጣ ነው። እንዲህ ያለውን መሐላ ሰው በነጻ ፈቃዱ ለራሱ ይገባል እንጂ በሌላው ላይ አይጭነውም። ወጣቶችን ለርዳታ የሚያሰማራ መሪ በራሱ ሕይወት ጀግና መሆን ይችል ይሆናል፤ በእነርሱ ሕይወት ግን ጀግና የመሆን መብት የለውም።

ፈቃድ፣ ገመና፣ ምሥጢር

ቁስለኛ ሰው ዕቃ አይደለም። ራሱን የሚያውቅ አዋቂ ከሆነ መጀመሪያ ስማችሁን ነግራችሁ «ልርዳዎት?» ብላችሁ ጠይቁ። እምቢ ካለ አስረዱት፣ ዘመዶቹን ጥሩ፣ ሌላ ሰው እንዲያነጋግረው አድርጉ፤ በኃይል ግን አትያዙት። ራሱን ለሳተ ሰው ወይም ወላጆቹ ላልተገኙ ሕፃን፣ ቢጠየቅ ኖሮ ፈቃደኛ ይሆን ነበር ተብሎ ይታሰባል፤ በዚህ አሳብ የተሠራ አስፈላጊ ሥራ ድፍረት አይባልም። ሴት ስትጎዳ ሴት ረዳት መጥራት፣ ቁስሉን ለማየት የተገለጠውን ገላ ወዲያው በነጠላ መሸፈን፣ የተሰበሰበውን ሰው ፊቱን እንዲያዞር ማድረግ ይገባል።

የሌላ እምነት ተከታይ ለሆነ ቁስለኛ የምናደርገው ርዳታ የእኛን ጸሎት የሚጭንበት አጋጣሚ እንዳይሆን እንጠንቀቅ። ለካቶሊካዊ ቁስለኛ ካህን ማስጠራት መልካም ነው፤ ነገር ግን አምቡላንስ ከተጠራ በኋላ። በሞት አደጋ ላይ ያለን ሕፃን ማንም ሰው ሊያጠምቅ እንደሚችል ካቴኪስቶች ያውቃሉ፤ ያልጠየቀን አዋቂ ግን ራሱን በሳተበት ሰዓት ማጥመቅ ቤተ ክርስቲያን የምትፈቅደው አይደለም።

አንዳንድ ጉዳት ነውር ይዞ ይመጣል። ደም የሚፈስሳት ልጃገረድ፣ መርዝ የጠጣ ወጣት፣ በጠብ የተወጋ ሰው ሲያጋጥመን የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን አድርገሽ ነው?» ሊሆን አይገባም። ስለ ጽንስ ሕይወት የምታስተምር ቤተ ክርስቲያን ደም የሚፈስሳትን ሴት እስክትናዘዝ ድረስ ቁሙ አትልም። ለሕክምናው የሚያስፈልገውን ብቻ፣ ለምሳሌ ምን እንደተዋጠና መቼ እንደሆነ፣ ጠይቆ ለሐኪሙ መንገር፣ ለሌላው ሁሉ ደግሞ አፍን መዝጋት ነው። የሕክምና ባለሙያዎችና ረዳቶቻቸው በሙያቸው ያወቁትን ምሥጢር ቢያወጡ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 399 ይጠየቃሉ። በጎ ፈቃደኛው ይህ አንቀጽ ባይደርስበት እንኳ ሕሊናው ይደርስበታል። በዘመናችን የመጣው ሌላው ክፉ ልማድ በሞት አፋፍ ላይ ያለን ሰው በስልክ ፎቶግራፍ አንሥቶ ማሰራጨት ነው። እናት የልጇን ሞት ከዘመድ አፍ ሳይሆን ከማያውቁት ሰው ስልክ እንድትሰማ ማድረግ ምን ይባላል? ያን ስልክ የያዘች እጅ ቁስል መጫን ትችል ነበር።

የጀመሩትን ማድረስ

በሥራ የተመደበ የአምቡላንስ ሠራተኛ ግዴታው ከሁላችንም ይከብዳል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2031 መሠረት ማንኛውም ባለሙያ የሙያውን ደንብ መጠበቅ አለበት፤ በቸልተኝነት ደንቡን ጥሶ ለሚያደርሰው ጉዳትም ይጠየቃል። የኦክስጅኑን ዕቃ ባዶ መሆን ማለዳ ሳያረጋግጥ የወጣ ሠራተኛ ማታ «አላወቅሁም» ቢል አይሰማለትም። አምቡላንሱ ራሱ የአደራ ንብረት ስለሆነ ለሠርግ እንግዳ ማመላለሻ ወይም ለእህል መጫኛ ሲሆን ዝም ብሎ የሚያይ ምእመንም፣ ያን ጊዜ ለምትወልድ እናት መኪና ሲታጣ ተጠያቂነቱን መጋራቱ አይቀርም። አምቡላንስ በማይገባበት ገጠር በቃሬዛ ማኅበር ተደራጅተው ሕሙማንን ተሸክመው የሚያደርሱ ወንድሞቻችንም እንደ ባለሙያው ባይሆን እንኳ የአደራ ተሸካሚዎች ናቸው።

በጎ ፈቃደኛ አንድ ጊዜ መርዳት ከጀመረ፣ የሚተካው ሳያገኝ መሄድ የለበትም። ሌሎች «ረጂ አግኝቷል» ብለው ካለፉ በኋላ ጥሎት መሄድ ከመጀመሪያው ካለመርዳት ሊብስ ይችላል፤ የሳምራዊውን አደራ እዚህ ላይ እናስታውስ። ሲያስረክብም ለጤና ሠራተኛው ሰውየው እንዴት እንደተገኘ፣ ራሱን ስቶ ከነበረ ለስንት ጊዜ እንደሆነ፣ ምን እንደተደረገለት፣ ደሙን ያቆመበት ማሰሪያ በስንት ሰዓት እንደታሰረ ይንገር። ተጎጂው የያዘውን ገንዘብ፣ ስልክና መታወቂያ ሁለት ሰዎች ባሉበት ቆጥሮ፣ በወረቀት ጽፎና አስፈርሞ ለጤና ተቋሙ ወይም ለፖሊስ ያስረክብ፤ የወረቀቱንም አንድ ቅጂ ቤተ ዘመድ እስኪመጣ ድረስ ከእጁ አያውጣ።